ባላምባራስ ገላውን ሲታጠብ

የብርጓል የውሃውን ሙቀት የምትለካው በክርኗ ነበር። የቀኝ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ትሰበስብና ከገበቴው አጠገብ ትንበረከካለች፤ ክርኗን ቀስ አድርጋ ውሃው ውስጥ ትነክርና ዓይኗን ትጨፍናለች። ካቃጠላት ከእንስራው ቀዝቃዛ ጠብ ታደርጋለች፤ ከበረዳት ምድጃው ላይ ከተጣደው ድስት ትጨልፋለች። ትኩሳትም ቅዝቃዜም ሳይሰማት ሲቀር፣ ውሃው የገዛ ገላዋን ሲመስላት፣ «ሆነ» ትላለች። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለሕፃን ቢሆን ኖሮ ባሏ ውበቱ ሙላት ደስ ብሎት ቁጭ ብሎ ባየ ነበር። ግን ለእባብ ነበር።

«ሰፌዱን ያቀብሉኝ» አለችው ማክሰኞ ዕለት፣ ቀና ብላ ሳታየው።

አቀበላት።

ውበቱ ከቤይሩት ከተመለሰ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ለትምህርት ሲሄድ የብርጓል የስድስት ወር ሙሽራ ነበረች። አምስት ዓመት ተምሮ፣ የባዮሎጂ ዲግሪውን በቆርቆሮ ቱቦ ውስጥ ጠቅልሎ ሲመለስ፣ ቁልፍ በወገቧ ያሰረች የቤት እመቤት ሆና ጠበቀችው። አባቱ አቶ ሙላት እሱ በሄደ በሁለተኛው ዓመት አርፈዋል። ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ ያለውን ባለ ቆርቆሮ ቤት፣ የጓሮውን የገብስ ማሳና ሁለቱን የእህል ጎታዎች ይዛ የኖረችው ብቻዋን ነው። ብቻዋን ማለት ከባላምባራስ ጋር።

ባላምባራስ ከሁለቱ ጎታዎች መካከል የሚኖር፣ ሁለት ክንድ የሚሆን፣ ደኅና በሆነ ጊዜ እንደ ተወለወለ ቀበቶ የሚያብረቀርቅ ቡናማ እባብ ነው። መርዝ የለውም፤ ሥራው አይጥ መያዝ ነው። ማዕረጉን የሰጡት አቶ ሙላት ነበሩ። «አምባ የጠበቀ ባላምባራስ ከተባለ፣ ጎታ የጠበቀስ ምን ያንሰዋል?» ብለው። በሙላት ቤት ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ደንብ አለ፤ የቤት እባብ የቤት ቆሌ ነው፤ አይገደልም፣ አይባረርም። ቆዳውን ሊለውጥ ብሎ ዓይኑ ወተት ሲለብስ ደግሞ፣ እስኪበራለት ድረስ የቤቱ እመቤት ጓዟን ጠቅልላ ከደጃፉ አትወጣም። ቆሌው ሳያያት የሄደች ሴት ተመልሳ አትገባም ይባላል።

ውበቱ በዚህ አያምንም። ግን የእሱ ማመንና አለማመን ማንንም አልጠቀመም። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት በላቦራቶሪ ሥራ ቀጥሮታል፤ ሰኞ ጧት መገኘት አለበት፤ አውቶቡሱ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ይነሣል። የብርጓልን «ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ?» ብሎ ከጠየቃት ሁለት ሳምንት አልፏል። እሺ አላለችም፤ እምቢም አላለች። ያለችው «የባላምባራስ ቆዳ ይውለቅለትና እነግርዎታለሁ» ብቻ ነው። ቆዳው ደግሞ አልወለቀም። እንደ ሌላው ጊዜ ከከንፈሩ ተነሥቶ እንደ ካልሲ በመገልበጥ ፈንታ፣ እዚያው ላዩ ላይ ደርቆ ተጣብቆ ቀረ። ዓይኑ ከተጋረደ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ጎታው ውስጥ አይጦች ሰርግ ደግሰዋል። ስለዚህ የብርጓል በየቀኑ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታጥበዋለች።

እባቡን ከታች በሁለት እጇ ደግፋ ከቅርጫቱ አወጣችው። አንገቱን አልጨበጠችም፤ መዳፏ ላይ አስተኛችውና ራሱ ወደ ውሃው እስኪወርድ ጠበቀችው። «ና ባላምባራሴ። ና አንተ ሰነፍ። ትናንት ጅራትህን አስለቅቀን የለ? ዛሬ ደግሞ አንገትህን እናያለን።»

ውበቱ መደቡ ላይ ተቀምጦ ሰማ። እሱን «እርስዎ» ነው የምትለው። ከመጣበት ቀን ጀምሮ እንደ ዳኛ ታከብረዋለች፤ ከወጡ ምርጡን ታቀርብለታለች፣ ቆማ ታስታጥቀዋለች። ለእጁ የምታፈሰው ውሃ ግን በቀጥታ ከእንስራው የተቀዳ የጮቄ ተራራ ውርጭ ነው። ማንም ክርኑን ነክሮበት አያውቅም።

«ውሃው ምነው አነሰ?» አላት፣ ዝም ማለት አቅቶት።

«ሆዱን ይንካው እንጂ ጀርባውን አይለፍ። ደካማ ነው፤ ይሰጥምብኛል። ሲደክመው ጭንቅላቱን የሚያሳርፍበት ድንጋይም አለው።» የወንዝ ድንጋዩን ወደ ገበቴው መሐል ገፋ አደረገችለት። «ሻካራ ነው፤ ቆዳውን ሲያሳክከው ይታከክበታል።»

«ሳሙና ብትጨምሪበት ቶሎ ይለቅ ነበር።»

«ዓይኑን ሊያቃጥለው! እርስዎ ባሕር ማዶ እባብ አጥበው ያውቃሉ?»

«በጠርሙስ ውስጥ፣ በመድኃኒት ተነክሮ ነው የማውቀው።»

«ያማ ምን ይታጠባል» አለች። አልሳቀችም። ሰፌዱን በገበቴው ላይ ከድና፣ እንዳይነሣ ድንጋይ ጫነችበት። ከዚያ አትነሣም። ሩብ ሰዓት ያህል እዚያው ተንበርክካ፣ በሰፌዱ ስንጥቅ እያየች፣ አንዳንዴ «እህ» እያለች ትቆያለች። ውበቱ እነዚያን ደቂቃዎች በሰዓቱ ይቆጥራቸዋል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከእሱ ፊት ለፊት አንዲት ሩብ ሰዓት እንዲህ ተቀምጣለት አታውቅም።

«ደሙ ቀዝቃዛ ነው» አላት። «ይህን ማወቅ አለብሽ። አንቺን ከምድጃ ድንጋይ ለይቶ አያውቅሽም። የሚፈልገው ሙቀትሽን ብቻ ነው።»

የብርጓል ትንሽ አሰበች። «እርስዎስ ምን ፈልገው ነው የመጡት?» አለችው።

መልስ ነበረው፣ ግን በዚያች ሰዓት በእባብ ፊት የሚባል አልሆነለትም።

ሐሙስ ዕለት ጎረቤታቸው ሀጀራ መጣች። ሀጀራ እህል ነጋዴ ናት፤ ሱቋ ከእነሱ አጥር ጋር ይዋሰናል። ሟች ባሏም በመጋዘኑ እባብ ያኖር ስለነበር፣ የብርጓልን እባብ ማጠብ ያስተማረቻት እሷ ናት። ውበቱን በእቅፏ ያሳደገች ያህል ስለሚሰማት «አንቱ» ብላው አታውቅም።

«ውቤ፣ ምነው ፊትህ እንደ መጋቢት ማሳ ተሰነጣጠቀ?» አለችው ገና ደጃፉን ስትሻገር። ከዚያ ገበቴውን አየች፣ የብርጓልን አየች፣ እሱን አየችና በሳቅ ፈረሰች። «ውይ! ጣውንት የሴት ዕጣ ብቻ መስሎህ ነበር? ይኸው አንተም ጣውንት ገጠመህ! ያውም ባለ ማዕረግ!»

«እትዬ ሀጀራ፣ ተይ እስቲ» አለ ውበቱ፣ ጆሮው እየጋለ።

«ምን ልተው? የባሰ አታምጣ በል። ይኸኛው እንኳ አያጨስ፣ ጠጥቶ አያመሽ። ደብዳቤ ጻፍ ቢሉት አይጽፍም፤ በዚያ በዚያ ከአንተ ብዙ አይለይም።»

ከማዕዘኑ እንዝርት የምትሽከረከርበት ድምፅ ይሰማ ነበር። የአባቱ እኅት እማማ ወለተ ሰንበት፣ የወንድማቸው ልጅ ሊመለስ ነው ሲባሉ ከደብረ ወርቅ የመጡ፣ ጥጥ እየፈተሉ ነው። እሳቸውም ሳቁ፤ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው።

ሀጀራ ግን ሳቋን ጨርሳ ጎንበስ አለች። በጣቷ የእባቡን ጀርባ ዳበስ አድርጋ ጣቷን አሸተተች። «የብርጓል፣ ይህ ቆዳ እኮ የደረቀ ብቻ አይደለም። ቅባት ጠጥቷል። አቧራው ከቅባቱ ጋር ተለውሶ ጭቃ ሆኖበታል። ይኸው፣ አሽቺው። ቅቤ ነው።»

የእንዝርቱ ድምፅ ቆመ።

«ቅቤ ከየት ይመጣል?» አለች የብርጓል። «እኔ እጄን ሳልታጠብ ነክቼው አላውቅም።»

ሁሉም፣ ተነጋግረው የወሰኑ ይመስል፣ ወደ ማዕዘኑ ዞሩ። እማማ ወለተ ሰንበት ጥጡን እንደ መሐረብ ጨብጠው አቀርቅረዋል።

«ገብርኤል ይቅር ይበለኝ» አሉ። «እኔ ነኝ።»

«እርስዎ?» አለ ውበቱ።

«አምስት ዓመት ሙሉ ተሳልኩ። ‹ልጄን በደኅና ብትመልሰው አናቱን በገዛ እጄ ቅቤ እቀባዋለሁ› ብዬ። ከደብረ ወርቅ ድረስ በቅል ተሸክሜ መጣሁ። በፋሲካ ማግስት እዚህ ደጃፍ ላይ ስትደርስ፣ ቅቤው በመዳፌ ቀልጦ ሳለ፣ ምን አልከኝ?»

ውበቱ አስታወሰ። ጸጉሩን ቤይሩት ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ አስተካክሎ፣ ክራቫት አስሮ ነበር። ከአውቶቡስ ወርዶ ገና ደጃፉ ላይ ሲደርስ የአክስቱን እጅ ያዘና «እማማ፣ ጭንቅላቴን አያበላሹብኝ» አላቸው። ሳቅ ብሎ ነው ያለው። ከኋላ የቆመችው የብርጓል ግን አልሳቀችም ነበር።

«ለስለት የወጣ ቅቤ ወደ ቅሉ አይመለስም» አሉ እማማ ወለተ ሰንበት። «መሬት ላይ አይደፋ። እጄ ላይ እየፈሰሰ ምን ላድርግ? የቤቱ ራስ እምቢ ካለ ቆሌው አለ ብዬ ሄጄ ባላምባራስን ቀባሁት። ከራሱ እስከ ጅራቱ። እሱስ አልተጸየፈኝም፤ ዝም ብሎ ተቀባ።»

ሀጀራ በሁለት እጇ ጭኗን መታች። «አቤት! ለእንግዳ የወጣውን እባብ ተቀባ!»

«እርስዎ ነበሩ መቀባት የነበረብዎ» አለች የብርጓል በዝግታ። ይህን ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ዓይኑን አየችው፤ ውበቱ ግን በዚያ አልተደሰተም። እባቡ ሚስቱን ብቻ አይደለም የወሰደበት፤ የመምጫ ቅቤውንም ወስዶበታል። ያውም ራሱ እምቢ ብሎ የሰጠውን። በገዛ እጅ የሰጡትን ነገር መቅናት ደግሞ የሚነገር ቅናት አይደለም።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የብርጓል «ሆነ» ብላ ባላምባራስን ገበቴው ውስጥ ካስገባች ጥቂት ቆይቶ የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። የጎረቤታቸው የሥራነሽ እናት አርፈዋል። እማማ ወለተ ሰንበት እንዝርታቸውን ጥለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተነሡ። የብርጓል ግን አንድ ጊዜ ወደ ደጅ፣ አንድ ጊዜ ወደ ገበቴው እያየች ቆመች። ሥራነሽ የአቶ ሙላት ለቅሶ ጊዜ ሰባት ቀን ከአጠገቧ ያልተለየች ሴት ናት፤ መቅረት አይቻልም።

«እርስዎ ይዩልኝ» አለችው። «ዛሬ በደንብ ረጥቧል፤ አንገቱ ላይ ጀምሮለታል። ሰፌዱን አይክፈቱት። ውሃው ሲበርድ እሱ ውስጡ እያለ ሙቅ አይጨምሩበት፤ ያቃጥሉታል። አውጥተው በዚህ ጨርቅ ይጠቅልሉትና ቅርጫቱ ውስጥ ያድርጉት። ከምድጃው ራቅ ይበል። ዓይንዎን ከሱ አያንሡ።»

«እሺ።»

«ይምሉልኛል?»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

ሄደች። ቤቱ ጸጥ አለ። ውበቱ በእሷ ቦታ፣ እሷ በተንበረከከችበት አጎዛ ላይ ተቀመጠ። አጎዛው ጉልበቶቿ ያረፉበት ቦታ ጎድጉዷል። ስንት ዓመት ተንበርክካ ነው እንዲህ የጎደጎደው?

ድንጋዩን አነሣና ሰፌዱን ገለጠ። ባላምባራስ ጭንቅላቱን የወንዝ ድንጋዩ ላይ አሳርፎ ነበር። ወተት በለበሱ ዓይኖቹ ወደ እሱ አቅጣጫ ዞረ፤ ምላሱን አንድ ጊዜ አወጣና መለሰ።

«እኔ ነኝ» አለው ውበቱ። «ባለቤቱ።»

ይህን ሲል የገዛ ድምፁ አሳፈረው። ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው! ግን ሐሳቡ አንዴ ከመጣ በኋላ አልሄድ አለ። ሰፌዱ ያለ ድንጋይ ቢቀር፣ እባብ ገፍቶት ቢወጣ፣ ማን ይጠይቃል? አውሬ ነው፤ ወደ ዱር መግባት ተፈጥሮው ነው። መግደል አይደለም፤ መልቀቅ ነው። የሚጠበቅ ቆሌ ከሌለ የሚጠበቅ ቤት የለም። ነገ አውቶቡሱ በደጀን በኩል ዓባይን ሲወርድ የብርጓል ከጎኑ ትቀመጣለች፤ መስኮቱን ትከፍታለች፤ አቧራው ሲገባ ትዘጋዋለች። ሐሳቡ እስከ መስኮቱ ድረስ ግልጽ ሆኖ ታየው።

እጁን ሰደደና አወጣው። እባቡ አልተቃወመም፤ እንደ እርጥብ ገመድ ክንዱ ላይ ተጠመጠመ። በጓሮው በር ወጣና የገብስ ማሳውን ከሚያዋስነው ካብ ላይ አስቀመጠው። «ሂድ» አለው። «ካቡ ሁሉ የአንተ ነው።» ተመልሶ ገባ። በሩን ዘጋ። እጁን ታጠበ፤ እንደ ልማዱ በቀዝቃዛው። ባዶውን ገበቴ መልሶ በሰፌዱ ከደነው፣ ድንጋዩንም ጫነበት፤ ለምን እንደጫነበት ራሱም አላወቀም። መደቡ ላይ ተቀመጠ።

ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የእሱ ብቻ ሆኗል።

መጀመሪያ ቆርቆሮው ላይ አንድ ጠጠር የወደቀ መሰለው። ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ሺሕ። የግንቦት መግቢያ በረዶ ነው፤ ከጮቄ ወርዶ በአንድ ትንፋሽ ምድሩን ነጭ የሚያደርገው። ውበቱ ጣራውን አንጋጦ አየ። ቤይሩት፣ በትምህርት ክፍሉ ውስጥ፣ ለጥናት የሚመጡትን እባቦች ጠርሙስ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ጸጥ ለማሰኘት በረዶ ሣጥን ውስጥ ይከቷቸው እንደነበር ትዝ አለው። ደቂቃውን ሳይቀር ያውቀዋል። መጀመሪያ ጅራቱ መንቀሳቀስ ያቆማል። ከዚያ ምላሱ። እርጥብ ከሆነ ይፈጥናል። ደግሞ ይኸኛው አያይም።

የቤት ሰው ሁሉ የማያውቀውን አንድ ነገር ተምሮ መጥቶ ነበር፤ እባብ በስንት ደቂቃ እንደሚሞት።

ወደ ጓሮ ሮጠ። በረዶው አናቱንና ትከሻውን ደበደበው። ካቡ ላይ የለም። ድንጋዩን አንድ በአንድ እየዳሰሰ፣ ገብሱን እያጎነበሰ ፈለገ፤ የለም። ተስፋ ቆርጦ ሲመለስ አየው። ባላምባራስ ወደ ማሳው አልሄደም። የቤቱን ግድግዳ ታክኮ፣ በጨለመ ዓይኑ፣ ወደ ወጣበት በር ተመልሶ ነበር። ከደፉ አንድ ስንዝር ሲቀረው አቅም አንሶት ቆሟል። ውበቱ እሱን ተሻግሮት ነበር የሮጠው።

አነሣው፤ እንደ በትር ደርቋል። ወደ ምድጃው ሦስት እርምጃ ከተራመደ በኋላ ቆመ። ከምድጃው ራቅ ይበል፤ የቀዘቀዘ ደም በአንድ ጊዜ ከሞቀ ልብ ይቆማል። ይህንንም ተምሮታል። ድስቱን ዳሰሰ፤ እሳቱ ከሥሩ ከስሞ ውሃው ቀዝቅዟል። የቀረው ሙቀት አንድ ብቻ ነበር። የሸሚዙን ቁልፎች ፈታና እባቡን ሆዱ ላይ አደረገው። ትንፋሹ ተቆረጠ። በላዩ ላይ ከቤይሩት የመጣውን የሱፍ ኮቱን ደርቦ፣ እጆቹን አጣምሮ፣ አጎዛው ላይ ተንበረከከ።

«አትሙትብኝ» አለው። «ሰማህ? ከሞትክ ለዘለዓለም ታሸንፈኛለህ።»

በረዶው አባራ። ቆርቆሮው መንጠባጠብ ጀመረ። ውበቱ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ጠበቀ። ብዙ ቆይቶ እምብርቱ አጠገብ አንድ ነገር ተላወሰ፤ ምናልባት የገዛ ሆዱ ነው አለ። ደግሞ ተላወሰ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጎኑን አልፎ፣ ወደ ብብቱ ወጣ፤ ከሸሚዙ ሾልኮ በሻካራው የኮት ሱፍ ላይ ራሱን ያሽ ጀመር፤ አንዴ በአገጩ፣ አንዴ በአናቱ። እርጥበቱ፣ ሙቀቱና ሱፉ ተጋግዘው ገበቴው ሦስት ሳምንት ያልቻለውን ሊሠሩ ነው። ውበቱ ትንፋሹን ዋጠ። ኮቱ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ተሰማው።

የብርጓል በዚህ መሐል ገባች። ነጠላዋ በረዶ አዝሏል፤ ዓይኗ በለቅሶ ቀልቷል። ገበቴውን አየች፤ እሱን አየች።

«ምን ሆነ?»

«ሰፌዱን ገፍቶ...» ብሎ ጀመረ።

የብርጓል ሰፌዱን አየች። በላዩ ላይ ድንጋዩ እንዳለ ነው። ባላምባራስን መዳፏ ላይ አስተኝታ እንደምትጠብቀው እሱንም ጠበቀችው።

«ውሸቴን ነው» አለ። «እኔ ነኝ ያወጣሁት። ካቡ ላይ ጣልኩት። በረዶው ሳይመጣ ነው፤ ግን ጣልኩት። ሊሞት ነበር።»

«ምን አደረገዎ?»

«ምንም። ቀናሁበት።»

ትስቅብኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ወይ ታለቅስብኛለች፣ ወይ ውጣልኝ ትለኛለች ብሎ። የብርጓል ግን እርጥብ ነጠላዋን እንደያዘች መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ እንደ መቆጣት ብሎ ሳይቆጣ ቀረ።

«እኔም ጥዬዋለሁ» አለች።

«ምን?»

«በሦስተኛው ዓመት። ስምንት ወር ሙሉ ደብዳቤ ሳይመጣ ጊዜ። ሰው ሁሉ ‹ነጭ አግብቷል፤ ልጅም ወልዷል› አለኝ። የቤቱ ቆሌ የባሌ ወገን ነው፣ እኔ ለማን ብዬ አገለግለዋለሁ ብዬ፣ በቅርጫት ከትቼ ወንዝ ማዶ ወስጄ ወረወርኩት። እየሰደብኩት። የአንተን ስም እየጠራሁ ነበር የምሰድበው።» እጇን ወደ ኮቱ ሰደደችና እባቡን በላዩ ዳበሰችው። «በአራተኛው ቀን ጎታው ሥር አገኘሁት። እንዴት ወንዙን እንደተሻገረ እንጃ። ቆዳው ላዩ ላይ ደርቆ ነበር። ያን ጊዜ ነው እትዬ ሀጀራ ማጠብ ያስተማረችኝ። ከዚያ ወዲህ ባጠብኩት ቁጥር ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።»

በአራት ቀን ተመልሶ መጣ የሚለው ነገር የውበቱን ጎን ወጋው። እሱ አምስት ዓመት ፈጅቶበታል።

«እኔንስ ማን ይቅርታ ይጠይቀኝ?» አለ፤ ቀልድ አስመስሎ።

«አንተማ የት ነበርክና?»

ባላምባራስ በኮቱ አንገት በኩል ብቅ አለ። አዲስ ነበር፤ ጥቁር ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ። የብርጓል ተቀበለችውና ጭኗ ላይ አደረገችው። ከኮቱ ውስጥ ደግሞ አሮጌውን ቆዳ፣ እንዳይቀደድ ትንፋሿን ይዛ፣ ስባ አወጣችና ሰፌዱ ላይ ዘረጋችው። የመጀመሪያ ሥራዋ የጭንቅላቱን በኩል መመልከት ነበር። ወደ ብርሃኑ አነሣችው። የእባብ ዓይን ሽፋን ከቆዳው ጋር አብሮ ይወልቃል፤ እንደ ምስር ክክ ያለች ቀጭን መስተዋት ሆና ትታያለች። በስተቀኝ አንዷ አለች። በስተግራ ግን ቀዳዳ ነው።

«አንዷ ቀርታለች» አለች።

ውበቱ እባቡን አየው። አንዱ ዓይኑ እንደ ጥቁር ዶቃ በርቷል፤ ሌላው ወተት እንደለበሰ ነው።

«በጥፍር ብናነሣት?»

«ዓይኑ ይወጣል። በውሃ ነው፤ በራሷ ጊዜ።»

«አውቶቡሱ ነገ ጎህ ሲቀድ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሰኞ ካልተገኘሁ ቦታውን ለሌላ ሊሰጡት ይችላሉ።»

«አውቃለሁ።»

ጣራው ይንጠባጠባል። ውበቱ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ረስቶ ነበር፤ ሆዱ ላይ ባላምባራስ የተጠመጠመበት ቦታ እንደ መቀነት ቀልቷል። «አንድ ዓይን ስንት ቀን ይፈጃል?» አላት።

«ሁለት እጥበት። ቢበዛ ሦስት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቆሌው ካየ እመቤቲቱ ደጃፍ ትሻገራለች» አለች የብርጓል፣ ቆዳውን እየጠቀለለች። «ጎታውንና ባላምባራስን እትዬ ሀጀራ ትረከባለች። አስቀድሜ ነግሬያታለሁ።»

«መቼ ነገርሻት?»

«አንተ በጠየቅኸኝ ማግስት።»

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ የአውቶቡሱ ጥሩንባ ከመናኸሪያው ተሰማ፤ ደግሞ ተሰማ፤ ከዚያ ወደ ደጀን መንገድ እየራቀ ሄደ። ውበቱ ለመሥሪያ ቤቱ የሚልከውን ቴሌግራም ጽፎ ጨርሷል፤ «በቤት ውስጥ ሕመምተኛ አለ» ይላል። አናቱ ላይ ደግሞ ከደብረ ወርቅ የመጣው ቅቤ የቀረው ሁሉ አለ። እማማ ወለተ ሰንበት በማለዳ ቅላቸውን ይዘው ሲመጡ ዝቅ ብሎላቸው ነበር፤ አሁን በጆሮ ግንዱ እየወረደ አንገትጌውን አርሶታል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የብርጓል ገበቴውን አቀረበች። ውበቱ እባቡን ሊያነሣ እጁን ሰደደ።

«ተው! አንተ ዛሬ ቅቤ ነህ። እንዳትነካው።»

«ታዲያ ምን ልሥራ?»

«ውሃውን ለካ። በክርንህ። ክርንህን ቅቤ አልነካው።»

እጅጌውን ሰብስቦ ነከረ። ዓይኑን ጨፈነ። ሙቀቱ የት አልቆ የእሱ ገላ የት እንደሚጀምር ለማወቅ ጊዜ ወሰደበት። «ሆነ» አለ። የብርጓል አላመነችውም፤ የራሷን ክርን ከእሱ አጠገብ ነከረችና ጥቂት ቆየች። «ይሁን» አለች።

ከዚያ ባላምባራስን መዳፏ ላይ አስተኛችው። «ና ባላምባራሴ። ና የኔ ጌታ፣ አንዲት ዓይን ብቻ ናት» አለችው፣ አፏን ወደ ጭንቅላቱ አስጠግታ። ቅናቱ ውበቱን እንደ ትናንቱ፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ ወጋው። ሩብ ሰዓቱ ሲያልቅ እባቡን ጠቅልላ ቅርጫቱ ውስጥ ካስገባች በኋላ እጇን ታጥባ ማንቆርቆሪያ ይዛ ወደ እሱ መጣች፤ እሱም እንደ ልማዱ እጁን ለጮቄው ውርጭ ዘረጋ።

ውሃው ለብ ያለ ነበር።

«ከሱ የተረፈ ነው?» አላት።

«አዎ» አለችው፣ ማፍሰሷን ሳታቋርጥ።